ፊት የሌለው አናጢ

ጉርድ ሾላ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ጀርባ አንድ አናጢ ነበሩ። ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሥዕል ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ ለመመረቂያዬ ልሣላቸው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሥራ አታስፈቺኝ እንጂ እንደ ፈለግሽ» አሉኝ።

ሁለት ወር ያህል ከሰዓት ከሰዓት ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ እየተቀመጥኩ፣ መጋዙ የሚያበንነው ሰጋቱራ ቀለሜ ላይ እያረፈ ሣልኳቸው። ያኔ ልቤን የወሰደው ኪዩቢዝም ነበር፤ ሰውን ሰባብሮ ከፊትም ከጎንም የሚታየውን አንድ ሸራ ላይ መገጣጠም። መላጊያው እንጨቱ ላይ ሲሄድና ሲመለስ እንዲታይ እጃቸውን አራት ቦታ ሣልኩት። ፊታቸውን ግን አንድ ጠፍጣፋ ቡናማ ማዕዘን አድርጌ አለፍኩት። መምህሬ በጣም ወደደው።

ሲያልቅ አሳየኋቸው። ቀረብ ራቅ እያሉ አዩት።

«እጁስ የእኔ ነው» አሉ። «ሰውየው ግን የታለ?»

ሳቅሁ። ስለ ስልቱ ብዙ አወራሁላቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ወደ እንጨታቸው ተመለሱ።

ባለፈው ክረምት በድንገት ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ።

«ከመታወቂያው በቀር ፎቶ የለውም። አንቺ ዘንድ ግን ቁጭ ብሎ ተሥሏል። አምጪልኝ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ፊታቸው እኮ የለበትም» ማለት አቃተኝ። አመጣሁት። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ አስደግፈን አቆምነው። ለቀስተኛው ትክ ብሎ አየው። አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን «ምንድን ነው እሱ?» ስትላት ባለቤታቸው ሰሙ። ተነሥተው ነጠላቸውን አወለቁና ሸፈኑት።

በሳምንቱ አስጠሩኝ። መታወቂያውን እጄ ላይ አስቀመጡና «ፊት አድርጊለት» አሉኝ።

ሦስት ቀን ታገልኩ። መታወቂያው ላይ ያሉት ሰው ካሜራው ያስደነገጣቸው፣ አንገታቸው የደረቀ ሌላ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ዓይናቸው ምን ዓይነት እንደ ነበር አላስታውስም። ሲስቁ አይቻቸው አውቅ ይሆን? እጃቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ ግን አንድ በአንድ ቆጥሬ መናገር እችላለሁ። አልቅሼ፣ ቀለሙን ፍቄ፣ በመጨረሻ ከመታወቂያው ገልብጬ ሣልኩት። ሥዕሉም ተበላሸ፣ እሳቸውም አልመጡ።

ስወስደው ባለቤታቸው ብዙ አዩት።

«እሱ እንዲህ አያይም ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ላስተካክለው?»

«ተይው። ደክሞሻል።»

ሳሎን ሰቀሉት። ለበዓል ልጠይቃቸው ስሄድ እሳቸው ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ለእንግዳ የሚሰጠው ወንበር ግን ትይዩው ነው። ሻዬን ቶሎ ቶሎ ጠጥቼ እነሣለሁ።