የጎደለው የቲማቲም ሣጥን

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ጭሮ ውስጥ ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ቃል እንኳ ቢሆን ከየት እንደመጣ ሳላጣራ አላምንም። ተማሪዎቼ ጧት ማታ "አቬሬጄ ስንት ነው?" ሲሉኝ የቃሉን ዘር ፈለግሁ። ሥሩ ዓረብኛ ነው ይላሉ፤ "ዓዋር"፣ ጉዳት የደረሰበት ዕቃ ማለት ነው። መርከብ ሊሰጥም ሲል የአንዱ ጭነት ባሕር ውስጥ ይጣላል፤ ጉዳቱን ግን ጭነት ያላቸው ሁሉ ይካፈሉታል። ቃሉ በፈረንጅ ወደቦች ዞሮ ዞሮ፣ እኩል የተካፈለ ድርሻ፣ ማለትም አማካይ፣ መጠሪያ ሆኖ ሒሳብ ውስጥ ገባ። እኔ ግን "ደግሞ የትኛው ነጋዴ ነው ይህን የሚያደርገው?" ብዬ ሳቅሁ።

ባለፈው ክረምት ታላቅ እህቴ ቲማቲም መነገድ ጀመረች። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራትን ሁሉ ያፈሰሰችበት ንግድ ነው። ከሚኤሶ በታች ካለ የመስኖ እርሻ ለመጫን ከአራት የጭሮ ነጋዴዎች ጋር አንድ ፒካፕ ተከራየች፤ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሣጥን። ሰዎቹን ስላላመንኳቸው አብሬ ሄድኩ።

ገና አስፋልቱ ላይ ሳንወጣ ዝናብ ያዘንና መኪናው ወደ ገደሉ ይንሸራተት ጀመር። አንጋፋው ነጋዴ፣ ሐጂው፣ "በገደሉ በኩል ያለውን ጣሉት!" ብለው ጮኹ። በዚያ በኩል የተጫነው የእህቴ ነበር። አምስቱም ሣጥን ገደል ገባ፤ መኪናው ቆመ። ደሜ ፈላ። አዲሷን፣ ባል የሌላትን መርጠው ነው አልኩ በልቤ።

ገበያ እንደደረስን ሐጂው ከራሳቸው ጭነት አንድ ሣጥን አንስተው እግሯ ሥር አኖሩ። "አብሮ የጫነ አብሮ ይጎዳል፤ ደንባችን ነው" አሉ። ሌሎቹ ሦስት ነጋዴዎችም እንደሳቸው አደረጉ። እኔ የበሰበሰውን ሰጥተዋት ይሆናል ብዬ እያንዳንዱን ሣጥን እስከ ታች በረበርኩ። ደህና ነበር። ቁጥሩ ግን አራት ነው።

"የጣላችሁባት አምስት! አንዱስ የት ገባ?" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሐጂው እኔን ትተው ወደ እሷ ዞሩ። "ኦቦሌቲ፣ አንቺ ንገሪው" አሉ። በኦሮምኛ እህቴ ማለታቸው ነው።

እህቴ እጄን ይዛ ወደ ጎን ሳበችኝ።

"ሰው ፊት አታዋርደኝ። እስቲ የእነሱን ቁጠር።"

ቆጠርኩ። ሁሉም ዘንድ የቀረው አራት አራት ነው።

"አምስቱንም ቢተኩልኝ ምጽዋት ነበር" አለች፣ ዕንባዋ እየመጣ። "አንዱን እኔም ከሰርኩ። አሁን ከእነሱ እንደ አንዷ ነኝ።"