ያልሰጠሁት ድምፅ

ጁምዓ ቀን ነው... ከሰላት ወጥቼ እዚህ ዓረብ አገር፣ አቡ ዓሪሽ መስጊድ በር ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ኢብራሂም ነው። ከአቡ ዓሪሽ ጂዛን በገዛ መኪናው ሰው የሚያመላልስ የአገሬ ልጅ። ቀበሌያችን ጎን ለጎን ነው፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት የለንም።

መኪናው ውስጥ አስገባኝና መስኮቱን ዘጋው። በዚያ ሙቀት መስኮት የሚዘጋ ሰው ምን ሊለኝ ነው... ጥርጣሬዬ ከዚያው ጀመረ።

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ወረዳችን ያለው የኅብረት ሥራ ባንክ የቦርድ ምርጫ ሊያደርግ ነው አለኝ። እኔም አባል ነኝ፤ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ነው የተመዘገብኩት። እዚያ ሀብታም ሆንክ ደሃ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። ውጭ ያለ ሰው ደግሞ አገር ቤት ያለ ሰው ወክሎ ማስመረጥ ይችላል፣ ደንቡ ይፈቅዳል አለኝ። እናም ፈርምና ከመኖሪያ ፈቃድህ፣ ከኢቃማህ ፎቶ ጋር ስጠኝ አለኝ።

ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት። «የተወካይ ስም» የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?»

«እሱን አንተ ነህ የምትሞላው።»

«አሁን?»

«ስትፈልግ።»

ይቺ «ስትፈልግ» አልጣመችኝም። አብሮኝ የሚኖር ሰው የኢቃማውን ፎቶ ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ፣ በስሙ ሲም ካርድ ወጥቶበት፣ ሹርጣ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ከርሟል። እዚህ ጠረፍ ላይ ደግሞ ጨዋታ የለም። ጡዋል መንገድ ላይ ፍተሻ ደርሰህ ስምህ ላይ ነገር ከተገኘ ተርሂል እስር ቤት ገብተህ ወደ አገርህ ነው... ኸላስ።

አስብበታለሁ ብዬው ወረድኩ። አልለመነኝም። ይሄም ራሱ አሳሰበኝ። ሌባ ቢሆን ይለማመጠኝ አልነበር? ሌባ ካልሆነስ ለምን ዝም አለ?

የምሠራው ማንጎ እርሻ ላይ ነው። ከሰዓት ውሃ ለቅቄ ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩና ሁሴን ጋ ደወልኩ። ሁሴን አብሮ አደጌ ነው፤ ከአገር ስወጣ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ የሸኘኝ እሱ ነው። አሁን በባንኩ የአባላቱን መዝገብ ይይዛል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደግ አደረግህ አለኝ። ኢብራሂም ቦርዱን ለመገልበጥ ከሚሯሯጡት ጋር የገጠመ ነው፣ ለማንም እንዳትፈርም ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ደስ አለኝ። ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ልሰናበተው ስል ግን እንዲህ አለኝ፦

«ደሞ አታስብ። ባለፈውም ድምፅህ አልባከነም፣ ዘንድሮም አይባክንም።»

ስልኩን ዘግቼ ውሃው መደቡን ሞልቶ እግሬን እስኪያርሰው እዚያው ቀረሁ። ባለፈው ምርጫ ጊዜ እኔ አር-ሪስ ተራራ ላይ ቤት ግንባታ ነበርኩ፤ ስልክ እንኳ አይሠራም። ማንንም አልወከልኩም። ምርጫ መኖሩንም አልሰማሁም።

ታዲያ ማን ነው የመረጠልኝ?

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ምናልባት የአፍ ወለምታ ይሆናል እላለሁ... መልሼ ደግሞ ወለምታማ አይደለም እላለሁ። በሚቀጥለው ጁምዓ ኢብራሂምን ፈልጌ አገኘሁትና የሁሴንን ቃል ነገርኩት። አልገረመውም። እሱ ያን ጊዜ ኢቃማው እስኪጣራ ጂዛን ተርሂል ታስሮ እንደነበር፣ ኋላ ሲጠይቅ ግን «በውክልና መርጠሃል» እንዳሉት አጫወተኝ።

«ታዲያ ባለፈው ጁምዓ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሁሴን ጓደኛህ ነው። አንተንም ጠርጥሬህ ነበር።»

ባዶውን ቦታም አንስቼ ጠየቅኩት። «የኔን ሰው ጽፌ ባመጣልህ ከሁሴን በምን እለያለሁ?» አለኝ።

የእናቴን ስም ጻፍኩና ፈረምኩ። የኢቃማዬን ፎቶ ግን ለእሱም አልሰጠሁትም። «ለምርጫ ብቻ» ብዬ ላዩ ላይ ጽፌበት ከወረቀቱ ጋር በስልክ በቀጥታ ለእህቴ ላክሁት፤ እሷ አሳትማ ለእማ ሰጠቻት።

የስብሰባውን ነገር የነገረችኝ እህቴ ናት። ስሜ ሲጠራ ሁሴን ከመዝገቡ ቀና ሳይል «በወኪል ተይዟል» አለ። እማ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ወረቀቷን ይዛ ተነሳች።

«ወኪሉ እኔ ነኝ። ያኛው ማን ነው?»

ሰብሳቢው መዝገቡ ውስጥ በስሜ ያለውን ውክልና አስወጥቶ አሳያት። እማ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ግን ቁርአን ቤት ነው ያደግኩት፤ የምፈርመው በዓረብኛ ነው። ወረቀቱን በእጇ ካለው ጋር አስተያይታ «የልጄ ፊርማ ከቀኝ ነው የሚነሳው፤ ይሄ ከግራ ነው» አለች።

ከዚያ ልጆቻቸው ውጭ ያሉ እናቶች ሁሉ የኔንም አሳዩኝ፣ የኔንም አሳዩኝ ማለት ጀመሩ። ሰብሳቢው ጨነቀው። በመጨረሻ ወኪሉ በአካል ያልቆመለት ውክልና በሙሉ ውድቅ ይሁን ተባለ። ሁሴን መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

በማግስቱ ደወለልኝ። ለአንተው ብዬ ነው፣ ድምፅህ እንዳይባክን ነው አለኝ። ሰማሁትና ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እውነት ለመናገር ከድምፁ ይልቅ ያመመኝ ይህን ያደረገው ያ ሻንጣዬን ተሸክሞ የሸኘኝ ሰው መሆኑ ነው።

ነገሩ ሲረጋጋ እማን በስልክ አገኘኋትና፣ ለመሆኑ ማንን መረጥሽልኝ አልኳት።

«ድምፅ ምስጢር ነው ተብለናል ልጄ» አለችኝ።

እስካሁን ድምፄ ለማን እንደሄደ አላውቅም... ማን እንደሰጠው ግን ዘንድሮ አውቃለሁ።