ደጃችን ላይ ውሃ የሚደፋው ማነው?

ከድሬዳዋ የወጣሁ ማታ እማዬ መጥረጊያውን ደብቃው ነበር። ቤቱ በሸኚ ተጨናንቆ ስላመሸ ወለሉ የቂጣ ፍርፋሪና የከረሜላ ወረቀት ለብሷል። የጎረቤታችን ልጅ ሰላም ልጥረግ ብላ ብትፈልግ መጥረጊያ የለም። መንገደኛ በወጣበት ቀን ቤት አይጠረግም፤ የሄደውን ሰው አብሮ ጠርጎ ማስወጣት ነው ትላለች እማዬ። መኪናው ሲነሳ ዞር ብዬ ሳይ መጥረጊያው ከነጠላዋ ስር ብቅ ብሎ ይታያል። እኔን በሌላው እጇ ነው የተሰናበተችኝ። ግን እሷ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ አንድ ሰው ሳይጠርግ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። አለዚያማ ለመመለስ ይህን ያህል ዓመት ለምን ይፈጅብኛል?

ጠርጣራ ነኝ፣ አልደብቃችሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ አሜሪካ ደግሞ አባሰችብኝ። ሚኒያፖሊስ ስደርስ ኤርፖርቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ፈገግ ሲልልኝ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩ። እኛ ጋ የማያውቃችሁ ሰው ጥርሱን ካሳያችሁ የሚፈልገው ነገር አለ። እዚህ ግን ፈገግ ብለው «ሃው አር ዩ?» ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። መጀመሪያ የጠየቀኝን ሰውዬ ስለ ጉልበቴ ሕመም ልነግረው አፌን ስከፍት ሊፍት ውስጥ ገብቶ በሩ ተዘጋ። ፀሐይዋንም ቢሆን አላመንኳትም። ሰማዩ እንደ ድሬ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ ቦግ ብላ እያየኋት ወጣ ስል ጆሮዬ በብርድ ሊቆረጥ ደረሰ። ለጌጥ የተሰቀለች ፀሐይ ናት።

ባለቤቴ ግርማ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። እኔ ኢገን የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ፤ ቤት ገብቼ ስተኛ እኩለ ሌሊት አልፏል። ልጃችን ሊያን የሚይዝልን ሰው ስናጣ እማዬን ለበረዶው ወራት አስመጣናት። ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር መግቢያ የምንጋራበት አፓርታማ ነበር የያዝነው።

እማዬ ወር ሳይሞላት ደበዘዘች። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አትነሳም፤ ምግብ ስሰጣት ነካ ነካ አድርጋ ትመልሰዋለች። ድሬ እያለች ፀሐይ ቀድማት ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ረፋድ ላይ ተነስታ «መሽቷል እንዴ?» ማለት ጀመረች። ልትሞትብኝ ነው አልኩ። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ በኩል፣ «ጧት ጧት የምታደርጊው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ተመስገን እላለሁ» አለች እማዬ።

«ከዚያስ?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ይቺ ሴት በእኔ ጧት ምን አገባት?»

ሐኪሟ መድኃኒቱ ላይ ከመድረሳችን በፊት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የምትሠራው አንድ ነገር ይኑራት፤ ሩቲን ልብን ይደግፋል አለችን። እኔ መድኃኒት ልትነፍገን ነው ብዬ ተቆጣሁ። ሥራማ ማን ያጣል? እማዬ ግን በመኪና ስንመለስ ስታስብ ነበር።

ገና ካለፈ በኋላ እማዬ ድንገት በራች። ስነሳ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ ለሊያ ገንፎ ሠርታ አገኛታለሁ። መደሰት ሲገባኝ ጠረጠርኩ። ሰው እንዲህ በአንዴ አይድንም፣ የሆነ ነገር ብትደብቀኝ ነው አልኩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ጧት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ አዲስ በረዶ ተጋግሮ አገኛለሁ። የሰማይ በረዶ አይደለም። ሰው የደፋው ውሃ ነው፣ መስታወት ሆኖ የረጋ።

እኛ ጋ ደጃችሁ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሃ ከተደፋ አትረግጡትም። መተት ነው ብዬ በጎን በኩል እየዘለልኩ መውጣት ጀመርኩ። ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም። ገና ፈገግ ማለት ስትጀምር አስደንግጬ መልሼ ልጣላት?

ከዚያ የሕንፃው ማኔጀር መጣ።

«መግቢያው ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው አለ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ የምጠይቅሽ።»

«ቧንቧ ይሆናል።»

«ቧንቧው ደህና ነው።»

«ኩሽና ውስጥ ያለው ግን ከገባን ጀምሮ ያንጠባጥባል ብዬህ ነበር።»

«እሱን በስልክሽ በአፑ ነው የምታሳውቂው።»

«አሳውቄያለሁ።»

«እንግዲያው እየታየ ነው» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታውን ሳይሰበስብ ፖስተኛው ተንሸራቶ ክርኑን እንደተመታ ነገረኝ። ውሃ የሚደፋው ሰው ከተገኘ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ ማለት ነው፣ አይታደስለትም፤ ይወጣል። በዚያ ብርድ ሕፃንና አሮጊት ይዤ ስወጣ ታየኝ።

የጠረጠርኩት ጎረቤታችንን አቦይ ተስፋይን ነው። ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ። እሱ ራሱ አጠራጠረኝ። ብቻቸውን ይኖራሉ፣ በጧት ይነሳሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ ባልዲ ይዘው ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ምን አድርገናቸው ነው? ሊያ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ትረብሻቸው ይሆን? ሰላምታቸውን እንኳ በግማሽ አፌ መመለስ ጀመርኩ።

በእረፍት ቀኔ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። በሩን ቀስ ብዬ ስከፍት ደጃፉ ላይ የቆመችው እማዬ ናት።

የእኔን ጃኬት ለብሳ፣ ከላይ ጋቢ ደርባ፣ ከማንቆርቆሪያው በመዳፏ ለብ ያለ ውሃ እየተቀበለች ታርከፈክፋለች፤ እንፋሎቱ ይነሳል። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። አቧራ በሌለበት አገር አቧራ እንዳይነሳ።

«እማዬ!» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። ደጅ እየጠረገች አታወራም። ድሬም እያለች ማንም ቢያልፍ፣ ማንም ቢጠራት፣ ጠርጋ ሳትጨርስ አፏን አትከፍትም፤ የቀኑ የመጀመሪያ ቃል የፈጣሪ ነው ትላለች። ቀና ብላ «ተመስገን» አለች። ከዚያ፣ «አንቺ ደግሞ ምነው በጧት?»

ይህን ጊዜ አቦይ ተስፋይ ጨው የሞላ ባልዲ ይዘው ብቅ አሉ፤ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ነው። ሲያዩኝ ቆም አሉ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ከመጀመሪያው ቀን። እርሳቸው ውሃ ያርከፈክፋሉ፣ እኔ በጨው እከተላለሁ። አንዳንድ ቀን በረዶው ይቀድመኛል እንጂ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሲጠርጉ አየኋቸዋ፣ ልጄ። ምን ብዬ ልከልክላቸው?»

እኔ ግን መከልከል ነበረብኝ። ስለ ፖስተኛው ነገርኳት፤ ማኔጀሩ ሊያስወጣን እንደሚችል ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ሰው ደጁን ሳይጠርግ እንዴት ይነጋለታል? ሌሊቱ እዚያው ደጅ ላይ ተኝቶ ይውላል እኮ» አለች። ከዚያ መጥረጊያውን አስቀመጠች፤ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበር ተመለሰች። የሊያ ገንፎ ቀረ። ፀጉሯ ሳይጎነጎን ዋለ። ያቺ ሐኪም እውነቷን እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አናደደኝም።

አቦይ ተስፋይ ባልዲያቸውን ይዘው መጡ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ ወገቤን አሞኛል። ይህን ጧት ጧት ቢበትኑልኝ?»

እማዬ ጨውን በጥርጣሬ አየችው፤ ከማን እንደወረስኩት እወቁልኝ። «ጨው መሬት ላይ? ጠላት ነው እንዲህ የሚያደርግ።»

«እዚህ አገር ጨው የሚበትነው ወዳጅ ነው። አላፊ አግዳሚው እንዳይወድቅ።»

ተነሳች። በማግስቱ ጠረገች፣ ጨውን እንደ ውሃው በመዳፏ አርከፈከፈች፣ ተመስገን አለች። ገንፎውም ተመለሰ። ማኔጀሩ፣ ውሃ የሚደፋው ሰው ማስጠንቀቂያውን ፈርቶ ተወው ብሎ ደስ አለው።

በረዶው ሲቀልጥ ቪዛዋ አበቃ። የሄደች ቀን መጥረጊያውን መኪናዬ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ቤቱ ሊያ በበተነችው ብስኩት ተሞልቶ አደረ።

አሁን እኔ ጋ ሲመሽ እሷ ጋ ይነጋል። ከሥራ ለእረፍት ስንወጣ እደውላለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሰላም ስልኩን አንስታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ መጥረጊያው መሬቱን ሲፍቅ እሰማለሁ። ያቆማል። «ተመስገን» ትላለች እማዬ፣ ከዚያ ወሬያችንን እንጀምራለን። ያን ሳልሰማ የሠራሁት ሥራ አይጥመኝም።

ባለፈው ሳምንት ስደውል ገና ስልኩ ከመነሳቱ፣ «ሃሎ፣ ልጄ!» አለችኝ ራሷ እማዬ። ከበስተጀርባ መጥረጊያው ይሰማል፤ «ተመስገን» ገና አልተባለም።

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«በጣም ደህና ነኝ። ሊያስ? ግርማስ?»

«ደህና ናቸው። ማነው የሚጠርገው?»

«እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?» አለች።

መጥረጊያው አላቆመም።