አንድ ሰው ገብቶ ይንገራችሁ

የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ሞጣ ላይ፣ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ነው። የአባላቱ መረጃ ሞጣና ቢቸና ባሉ ሁለት ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይም ይገለበጣል። የሁለቱን ጤንነት የሚከታተል ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ነበረን፤ ሁላችንም በየጠረጴዛችን ከፍተን እናየዋለን።

በክረምቱ መግቢያ፣ ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን፣ የሞጣው ሰርቨር ማቃሰት ጀመረ። የፕሮሰሰሩ ጫና መቶ በመቶ ደርሶ አልወርድ አለ። ገበሬው አህያውን ይዞ ግቢው ውስጥ ይጠብቃል፣ እኛ ስክሪን ላይ አፍጥጠናል። ሥራ አስኪያጁ "እስከሚቀጥለው ገበያ ካልተስተካከለ ወደ ወረቀት እንመለሳለን፤ አንተም ሌላ ሥራ ብትፈልግ ይሻልሃል" አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም። እናቴ ደግሞ ልጄ ሥራ ያዘ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። በጣም ፈራሁ።

ሲስተሙን የተከሉት የቢቸናው ባልደረባዬ በዚያው ሰሞን ታመው ቤታቸው ተኝተው ነበር። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። በሽተኛ ልጠይቅ ብቻ ነው የሄድኩት ብል ማን ያምነኛል?

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የሚገባው ሁሉ "እንዴት አደሩ? ተሻለዎት?" ይላል፤ እሳቸውም ከትራሳቸው ቀና ብለው ለእያንዳንዱ "ተመስገን፣ ዛሬስ ይሻለኛል" ይላሉ። አንገታቸውን መልሰው ሳያሳርፉ ሌላ ሰው ይገባል። ላብ አጥምቋቸዋል። በመጨረሻ የባለቤታቸው ትዕግሥት አለቀና በሩ ላይ ቆሙ።

"በሉ እንግዲህ አትቀየሙኝ! አንድ ሰው ገብቶ ይየውና ለሌሎቻችሁ ይንገራችሁ።"

ጎረቤቱ አጉረመረመ። ቢሆንም አንድ ሽማግሌ ገብተው አይተዋቸው ወጡና ግቢው ውስጥ ለተቀመጠው ሁሉ ደህንነታቸውን ተናገሩ። ባልደረባዬን ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔ ብርቱካኔን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የእኛስ ሰርቨር? በየጠረጴዛው የተከፈተው ስክሪን ሁሉ በየሰከንዱ "እንዴት ነህ?" ይለዋል። በዘገየ ቁጥር ደግሞ ጭንቅ ይይዘንና ሌላ ስክሪን እንከፍትበታለን። ያደከመው የገበሬው ሥራ ሳይሆን የእኛ አሳቢነት ነበር።

ሞጣ ተመለስኩና አንድ ፕሮግራም ብቻ በየደቂቃው ሰርቨሩን እንዲያይ፣ የሁላችንም ስክሪን መልሱን ከዚያ እንዲወስድ አደረግሁ። ፕሮሰሰሩ እፎይ አለ። በገበያው ቀን ገበሬው ማዳበሪያውን ጭኖ በጊዜ ወደ ቤቱ ገባ፤ ሥራ አስኪያጁም ስለ ሌላ ሥራ ደግመው አላነሱብኝም።

ባልደረባዬ ካገገሙ በኋላ ባለቤታቸውን ላመሰግን ቢቸና ሄድኩ። እንጀራዬን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት አልኳቸው፤ ነገሩንም ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ከት ብለው ሳቁ።

"ኧረ እኔስ ልጄ" አሉኝ፣ "ትንሽ እንዲተኛልኝ ብዬ ነው።"