ከጎርጎራ በድንጋይ ውስጥ የመጣው ሌባ

ጥፍር መስተዋት ሲነካ ቀጭ የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ያ ድምፅ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በነበረው ቤታችን፣ ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠው የዓሣዎቼ ገንዳ ይመጣ ነበር።

አባቴ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተምር ነበርና፣ ግንቦት ላይ ተማሪዎቹን ይዞ ጎርጎራ ወርዶ ሲመለስ ከጣና ዳር ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ አምጥቶ፣ «ለዓሣዎችሽ ቤት ይሁናቸው» ብሎ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠልኝ። ዓሣዎቹ ቀያይ ነበሩ፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ወደ እነሱ እሮጥ ነበር።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ቤት ሲያውለን ዓሣዎቹ እያነሱ ሄዱ። አንድ ቀን ክንፍ ብቻ ተርፎ አገኝ ነበር፣ ሌላ ቀን ምንም። እናቴ በድመቴ ፈረደች። ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ጉሬዛ የምንላት ድመቴ ገንዳው ሥር ተኝታ ውሃውን ስታይ ትውል ነበርና ምስክር አላስፈለገም። እናቴ «ሌባ አልቀልብም!» ብላ፣ በከረጢት አስገብታ፣ ጤፍ ለሚያመጣልን ለአያ ደሴ ሰጠቻት፤ እሱም ይዟት ወደ አገሩ ኮላ ድባ ወረደ። ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። ዓሣዎቹ ግን ማለቃቸውን አልተዉም።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ተይዞ፣ መሸት ሲል ያን ድምፅ ተከትዬ ብጠጋ፣ አንድ ሸርጣን ከድንጋዩ ቀዳዳ ወጥቶ የቀረችኝን ዓሣ በመቀስ እጁ ይዞ ይበላል። ደሜ ፈላ። አባቴን ጠራሁት፤ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ሸጋ ፍጥረት ነው እኮ!» አለ። ለዚህች ቃሉ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

እጄን ስሰድ ሸርጣኑ ቀዳዳው ውስጥ ይሸሸግ ነበር። አባቴ ዘዴ ነገረኝ፦ ብርጭቆ አጋድሞ ሥጋ ማኖር ነው፤ ከገባ በኋላ እያንሸራተተው መውጣት ያቅተዋል። ግን በፍልሰታ ሥጋ ከየት ይምጣ? ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘሃራ ቁራጭ ሰጡኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣

«በጾም? ያውም የእስላም ሥጋ? ምነው ልጄ!» አለችኝ።

«ለሸርጣኑ ነው እማዬ፤ እሱ ጾም አያውቅ፣ ሃይማኖት የለው።»

ወደ ገንዳው ሥር አየት አደረገች፤ ጉሬዛ ትዝ አለቻት መሰለኝ። «እንግዲያ ጨመር አድርገሽ ስጪው» አለች።

ጠዋት ብርጭቆው ውስጥ ሲፍጨረጨር አገኘሁት። ወዲያው አልገደልኩትም፤ መፍረድ ያለባት የተበደለችው ናት ብዬ፣ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ፣ እንጀራ እየፈረፈርኩለት፣ እናቴ የላከችበት አያ ደሴ ጉሬዛን እስኪመልስልኝ አቆየሁት።

መስከረም ላይ ጉሬዛ የኮላ ድባን አይጥ በልታ ወፍራ መጣች። ባልዲውን አቀረብኩላት። አሸተተች፣ አዛጋች፣ ሄዳ ባዶው ገንዳ ሥር ተኛች። ዘነዘናውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ እኔም በቤቴ ገንዳ አለኝ። ያኔ ከሐይቅ የመጣ ድንጋይ እንደ እንግዳ ይገባ ነበር፤ ዛሬ የፈላ ውሃ ሳላፈስበት ደጄን አያልፍም። ልጄ፣ «ውስጡ ምንም ባይኖርስ?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ግን ማንቆርቆሪያውን እጥዳለሁ። ጉሬዛ ቂም ሳትይዝ ሞተች፤ እኔ ገና አልሞትኩም።