ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለም

ልጄ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ሌሊቱን ቀን አደረገችው። ሰፈሩ ጸጥ ሲል እሷ ትነቃለች። ታለቅሳለች ብዬ እንዳላማት አታለቅስም፤ ትስቃለች፣ ታጨበጭባለች፣ የአባቷን ጆሮ ትጎትታለች። ለአንድ ቀን ቢሆን ደስ ይል ነበር። ሲደጋገም ግን ቤታችን ውስጥ የማያዛጋ ሰው ጠፋ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከደባርቅ እህል ጭኖ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። አንድ ቀን ተመልሶ ሲመጣ ራቱን ሳይነካ ቁጭ አለ።

«ዛሬ መታጠፊያው ላይ ዓይኔ ተከድኖ ነበር» አለኝ። «ከፊቴ ይመጣ የነበረው አውቶቡስ ጡሩንባውን ባይነፋ ኖሮ…» አልጨረሰውም። 

ከዚያ ወዲያ የልጄን ውሎ ማስተዋል ጀመርኩ። እኔ ዋናው መንገድ ዳር ልብስ እሰፋለሁ፤ ቀን ቀን እሷን የሚይዙልኝ ከዳባት የመጡት አማቴ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ያዝሏታል፤ ጀርባቸው ሲሞቃት ፀሐይ እስክትጠልቅ ትተኛለች። አንድ የገበያ ቀን ግን ቤቱ በዘመድ ተሞላና እንግዶቹ እየተቀባበሏት ሳትተኛ መሸ። ያን ሌሊት ድምጿን አልሰማንም። ሁሉም «ሰው ብዛት አድክሟት ነው» አሉ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ሌሊት የሚያስነቃት የከሰዓቱ እንቅልፍ ነበር።

በማግስቱ አማቴን አማከርኳቸው። «እማማ፣ ረፋድ ላይ ትተኛ፤ ከምሳ በኋላም ትንሽ ታሸልብ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን እንቀስቅሳት።»

«የተኛ ሕፃን መቀስቀስ? ምን የሚሉት ጭካኔ ነው!»

«አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ።»

«እሺ፤ ስታለቅስ ግን አንቺው ትይዣታለሽ» አሉኝ።

ያዝኳት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ከእንቅልፏ ሳስነሣት እንደ ተበደለ ሰው እያየችኝ ታለቅሳለች። ወደ ሱቄ እወስዳትና ቁርጥራጭ ጨርቅ እሰጣታለሁ። እሱ ሲሰለቻት አቅፌያት ደጅ እወጣለሁ፤ ባጃጁን፣ ከገበያ የሚመለሱትን በጎች አሳያታለሁ። ልብስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛዬ «ምነው፣ ልጅቷ እኮ እንቅልፏ መጥቷል፤ አስተኚያት እንጂ» ስትለኝ ልቤ ይሰነጠቃል። ቢሆንም አልተመለስኩም። ዓይኗ እየተከደነ ሲያስቸግረኝ ፊቷን በውኃ አብሼ እንደገና አጫውታታለሁ፤ ሲመሽ አጥቤ፣ አጥብቼ በጊዜ አስተኛታለሁ።

ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ሳልመጣላት ዘገየሁ። ተኝታ አገኛታለሁ ብዬ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ አማቴ ግቢው መሐል ቆመው፣ ልጄን ሁለት እጇን ይዘው እያስጨፈሯት ነው። ጎረቤታችን «ስጡኝ ልዘላት፣ ደክሟታል» ብላ እጇን ዘርግታለች።

«እንዳታዝያት!» አሉ አማቴ ቆጣ ብለው። «ሰዓቷ አይደለም!»

በሩ ላይ ቆሜ ሳቄን ዋጥኩት።

ያን ሳምንት ጨርሰን ሌላ ሳምንት ስንጀምር፣ አንድ ጠዋት ባለቤቴ ደንግጦ ከአልጋው ተነሣ። «ልጅቷ ደህና ናት?» አለኝ። መስኮቱ በርቷል። ልጃችን አጠገባችን እጇን ከጭንቅላቷ በላይ ዘርግታ ትተነፍሳለች። ማንም ሳይቀሰቅሰው ማደሩ ግር ብሎት አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ፊቱን ታጠበ፣ ቁርሱን በላና እያፏጨ ወደ መኪናው ሄደ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ዓይኑን ገልጦ እንዲነዳ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ ሳስብ ቀኑን ሙሉ ከመሬት ከፍ ብዬ ዋልኩ። እስከ ዛሬ ብዙ ሙሽራ አልብሻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

አማቴ ወደ ዳባት ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን ደወሉልኝ። የእህታቸው ልጅ ወልዳ ልጇ አላስተኛ ብሏታል።

«የኛዋን እንዴት እንዳደረግናት እየነገርኳት ነው» አሉኝ። «የኔን ነገር የድሮ ሰው ወሬ አደረገችው። በይ አንቺ ንገሪያት፤ ስልኩን ለሷ ልስጣት።»

መቀሴን አስቀመጥኩና፣ ደንበኞቼ እየሰሙኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት።