ጭስ ጭስ የሚለው በር

እኔ እንደሁ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆንልሽ ያለኝ ሰው ነኝ፤ እናቴ «ይችን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የወለድኳት» ትል ነበር። ባለፈው ሰሞንም ሰቆጣ ካለው መሥሪያ ቤታችን ተልኬ እዚያው አካባቢ ዝቋላ ወረዳ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሰባተኛ ክፍልና አዲስ መማሪያ ክፍሎች ከሁለት ትምህርት ቤቶች ለአንዱ ስለሚሰጡ፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚቸገር አይቼ እንድመለስ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወላጆቹን ሊጠራ ሲወጣ በርጩማ አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። በጦርነቱ ያልተነቀለ በርና መስኮት በሌለበት አገር አንድ ክፍል ደህና በር ገጥሞ ባየሁት ጊዜ ደስ አለኝና ገፋ አድርጌ ገባሁ፤ ገና እግሬን ሳነሳ ሽታ ያዘኝ። ጭስ ነው። የዛሬ ጭስ አይደለም፤ ከወይራና ከኩበት፣ ከሽሮና ከበርበሬ ጋር ለዓመታት ሳንቃው ውስጥ የገባ የጓዳ ጭስ ነው። ተማሪ ቤት ምድጃ የለውም። ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ በሩን ተጠግቼ አሸተትኩት፣ ደግሜ አሸተትኩት፤ ያን ጊዜ ደሃና ወረዳ ያለው የአባቴ ቤት፣ እህቴ ብርቄና ያ ጉደኛ እንግዳ አንድ ላይ መጡብኝ።

ያደግኩበት መንደር ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ፣ ብርድና ጉም፣ ከአንዱ ጎጥ እስከ ሌላው የሚያስጮህ ርቀት። ትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ዳስ ነበር፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያስተምራል፣ አንደኛና ሁለተኛ አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ስለሚማሩ አንደኛዎቹ ፊደል ሲቆጥሩ ሁለተኛዎቹም ሳያስቡት አብረው ይጮሃሉ። ወንበር የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ድንጋይ አለው፤ ከወንዝ ዳር መርጦ፣ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ተቀምጦ ተቀምጦ ያለሰለሰው ድንጋይ፣ እና በወር ውስጥ ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ካሳ ከሚዳኙት ጠብ ግማሹ «ድንጋዬን ወሰደብኝ» የሚል ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው በኽምጣኛ፣ ክፍል ውስጥ የምንማረው በአማርኛ፣ ስለ ድንጋይ የምንጣላው ግን በሁለቱም ነበር። ጋሽ ካሳና ሌሎቹ ሁለት መምህራን ደመወዝ ሊቀበሉ ወደ ወረዳው ከተማ በእግር ሲወርዱ ትምህርት ቤቱም አብሯቸው ይሄዳል፤ እኛም ከብት እንጠብቃለን። መኸር ሲደርስ ክፍሉ ይራቆታል፤ እርሻ በማይነካበት በማርያምና በሚካኤል ቀን ደግሞ የሚጠበቅ ሥራ ስለሌለ ቀሪ ልጅ ሁሉ ይመጣና መተንፈሻ ይጠፋል። ጋሽ ካሳ ይህን ስለሚያውቁ ከባድ ከባዱን ሒሳብ ለግዝት ቀን ነበር የሚያቆዩት።

ብርቄ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ ሦስተኛ። የሰሌዳው ነገር ለእሷ የተሰጠ ነው። ሰሌዳው ሲነጣ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ትሰብርና ጥቁሩን ትፈጫለች፣ ከዱባ ቅጠል ጋር አሽታ ትቀባዋለች፤ እስከ ክርኗ ጠቁራ ወደ ቤት ስትመጣ እናታችን «የሰይጣን ሚዜ መጣች» እያለች ውሃ ታሞቅላታለች። ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም ነበር፤ ጋሽ ካሳ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ ጀርባቸውን እያየች መልሱን ትላለች፣ እሳቸውም ሳይዞሩ «ብርቄ፣ ሌላ ሰው ይሞክር» ይሏታል። ችግሩ፣ ከአራተኛ በኋላ መንገዱ ያለቀ መሆኑ ነው። አምስተኛ ያለበት ትምህርት ቤት ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል ወጥቶ ነው። አባታችን ቁርጡን ተናግሯል፤ «እዚሁ አምስተኛ ከተከፈተ ትማር። ካልተከፈተ ግን ሴት ልጅ ገደል አሻግሬ አልልክም፤ ሽማግሌ የላኩትንም ሰዎች ከዚህ በላይ አላመላልስም።» ብርቄ ይህን ከሰማች ወዲህ ሰሌዳውን ሳይነጣ ትቀባው ጀመር።

ከዚያ ወሬው መጣ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ አምስተኛ ክፍል ከነቤቱ ሊሰጥ ነው፤ ወይ ለእኛ፣ ወይ ከሸለቆው ማዶ ላሉት ጎረቤቶቻችን፣ የማዶዎቹም እንደኛው ከአራተኛ አያልፉም። አንድ ኃላፊ ሁለቱንም አይቶ ይወስናል ተባለ። ወላጆች ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ፤ እኛ ልጆች ከካቡ ጀርባ ሆነን እንሰማለን። ጋሽ ካሳ ተነሥተው፣ «ሰዎች፣ ያለውን እንዳለ ይየው። የሚያፈሰውንም ጣራ፣ ድንጋዩንም ይየው» አሉ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ደምሌ ነጠላቸውን እንደገና አጣፉ፤ ሲናደዱ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። «መምህር፣ እርስዎ የሰው አገር ሰው ስለሆኑ አይፈረድብዎትም። በእኛ አገር ገመና ለእንግዳ አይገለጥም። ሞቼ ነው ቆሜ!» ሰዉ ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። አባቴም አለ። ሽልማት የሚሰጠው ለጎበዝ ተማሪ አይደል? ለጎበዝ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ይሰጠዋል ብለን ነው ሁላችን ያሰብነው፤ እኔ ራሴ በልጅ ልቤ አያ ደምሌን አድንቄ ሞቼ ነበር።

ወይ ያ ሰሞን! ጣራው አዲስ ሣር ለበሰ፣ ድንጋዮቻችን ተጋዙና ከገደሉ አፋፍ ተጣሉ፤ በምትካቸው ከየቤቱ በርጩማ፣ ቁርበት፣ የሰንበቴ ቤት አግዳሚ ሳይቀር መጣ። ትምህርት ቤቱ በር አልነበረውም። አባቴ አንድ ማለዳ ተነሥቶ የቤታችንን በር ከመቃኑ ነቀለና በትከሻው ተሸክሞ ሄደ። እናቴ «ሰውዬ፣ ጅቡስ?» ብትለው፣ «ጅብ አምስተኛ ክፍል አይከፍትልኝም» ብሏት እርፍ። በሩ ላይ ያለውን ጥላሸት ብርቄ በአመድና በውሃ ፈትጋ ፈትጋ አጠበችው፤ ጭሱ ግን አለቀቀም፣ ክፍላችን ሁሉ የእኛ ቤት የእኛ ቤት ሸተተኝ። እኛ ቤት በእሾህ ተከልሎ አደረ፣ አባቴም በትሩን ታቅፎ እዚያው ደጃፉ ላይ ተኛ። ለብርቄ ሲል ነው። ክፉ አባት ነበር የሚል ካለ ይህን ይወቅልኝ።

እንግዳው በበቅሎ መጣ፤ ደከም ያለ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። ልጆቹ ሁሉ ታጥበው ቅቤ ተቀብተው ቁርበት ላይ ተደርድረዋል፣ ሰሌዳው ከማጠቆሩ ብዛት ፊት ያሳያል፣ ብርቄም ወጥታ የሰጣትን ሒሳብ ሁሉ አፍ በአፍ መለሰችለት። ሰውየው «እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በወረዳው አላየሁም» ሲል አያ ደምሌ ቁመታቸው ጨመረ። ከዚያ በግ ታርዶ፣ ማር ቀርቦ፣ ሰውየው እጁን እየታጠበ «ምን ይጎድላችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ካሳ አፋቸውን ከፈቱ። አያ ደምሌ ግን ቀደሟቸው፤ «ተመስገን ነው! ምንም አልጎደለብን። ቢጎድልም እርስዎን ስናይ ሞልቶልናል።» ጋሽ ካሳ የከፈቱትን አፍ በእንጀራ ዘጉት። ያን ጉርሻ ሲያላምጡ የቆዩበት ጊዜ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ውጤቱን ጋሽ ካሳ ከወረዳ ይዘው የመጡት ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ዋርካው ሥር ቆመው፣ «ትምህርት ቤታችን በወረዳው ፊት ተመስግኗል፤ ምሳሌ ይሁን ተብሏል» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ፣ እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ብርቄ እጄን ይዛ ጨመቀችኝ። ጭብጨባው ሲበርድ ቀሪውን ተናገሩ፤ «እናንተ ደህና ናችሁ፣ የጎደላችሁ የለም ተብሎ ቤቱና አምስተኛው ክፍል በፈረሰ ዳስ ለሚማሩት ለማዶዎቹ ተሰጥቷል።» ከኋላ አንድ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ብቻ አሁንም ያጨበጭቡ ነበር። የማዶ ሰዎች እንግዳውን ጎርፍ በበላው ዳሳቸው ውስጥ አስቀምጠው ንፍሮ ነበር ያቀረቡለት፤ «ውርደታሞች» ብለን ስንስቅባቸው ከርመን ነበር።

አባቴ በሩን ተሸክሞ መለሰው። ሲገጥመው አልረዳነውም፣ እሱም እርዱኝ አላለም። ግንቦት ሳይገባ ያቺው ብርቄ በዚያው በር ነጭ ለብሳ፣ ተሸፋፍና፣ በበቅሎ ወጣች፤ ክርኗ ላይ የባትሪው ጥቁር ገና በደንብ አልለቀቀም ነበር። እኔን በዓመቱ አክስቴ ሰቆጣ ወሰደችኝ፤ ትንሽ ስለሆንኩ ለትዳር ጠያቂ አልነበረኝም፣ ያም ዕድል ከተባለ ዕድሌ እሱ ነው። ጋሽ ካሳ ወደ አገራቸው ተዛውረው ሄዱ፣ አያ ደምሌም አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ሰውየው ክፋት አልነበራቸውም። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ቆርቆሮ ለብሶ እስከ ስምንተኛ ያስተምራል፣ የብርቄ ልጆችም እዚያው ተምረዋል። እሷ ግን አምስተኛን አላየችም። የልጆቿን የቤት ሥራ ከትከሻቸው በላይ አጎንብሳ እያየች መልሱን ቀድማ ስትናገር፣ ልጆቹ «እማ፣ ተይን እስኪ!» ይሏታል፣ እኔም እቃ የረሳሁ መስዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ይህን ሁሉ ሳስብ የዝቋላዎቹ ወላጆች ተሰብስበው ደረሱ። ሰብሳቢያቸው ሽበታም፣ ነጠላቸውን አሳምረው ያጣፉ ሰው ናቸው። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ምን ይጎድላችኋል?» አልኳቸው። «እንደው ተመስገን ነው የእኔ እመቤት፣ ምንም—» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኳቸው፣ «ተማሪ ቤታችሁ ወጥ ይሠራል እንዴ? በሩ ሽሮ ሽሮ ይላል።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከኋላ የቆመ አንድ ጎልማሳ መሬት መሬት አየ፤ አጠገቡ ያለች ልጁ ግን አላየችም፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላለች። ስንተኛ ነሽ ስላት «ስድስተኛ» አለችኝ። የብርቄን ነገር እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «እንግዲያው» አሉ ወደ ጎልማሳው ዞረው፣ «በርህን ውሰድ፣ ልጄ። እንግዳዋም ነፋሱን ትየው።» አባትና ልጅ በሩን ከመቃኑ አውጥተው፣ ፊትና ኋላ ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ነፋሱ ገባ፣ አቧራውም ገባ፤ እኔም የቀረውን ሁሉ፣ ድንጋዮቹን ከደበቁበት ጭምር፣ አሳዩኝ ብዬ አየሁ። ያየሁትን እናገራለሁ እንጂ የምሰጠው እኔ አይደለሁም፤ ይሰጣቸው አይሰጣቸው እስካሁን አላውቅም፣ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።

ስመለስ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ቆሜ ለብርቄ ደወልኩ።

«እታለም፣ ዛሬ በር አስነቀልኩ» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፤ ያ የድሮው ሳቋ ነው፣ ሰሌዳ ስትቀባ የምትስቀው።

«እሰይ! አበጀሽ፣ አንች ጉንዳን!» አለችኝ። ከዚያ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ያን ጊዜ እኮ አንድ አሽታች ሰው ነው የጠፋው።»